«ደሜ አንሷል» ሲባል ያነሰው ምንድን ነው?

ድሬዳዋ፣ ከሰዓት በኋላ። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ሰብስቦታል፤ ቡና ተፈልቷል። አንዲት ሴት ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ይጨልምና ግድግዳ ትይዛለች። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ «ደምሽ አንሷል፣ ቀይ ሥር ጠጪበት» ትላለች። ሌላዋ ትቀበልና «ኧረ አቦ! እሷ እኮ ደም ብዛት ነው ያለባት። ደም የበዛበት ሰው እንዴት ደም ያንሰዋል?» ብላ ትሞግታለች። ሙግቱ እስከ በረካ ይዘልቃል።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ስህተቱ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋችንም እጁ አለበት። በእጃቸው የያዙት ስኒም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ደም ማነስና ደም ብዛት ተቃራኒ ናቸው?

አይደሉም። በአማርኛ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንዱ የሌላው ግልባጭ ይመስላሉ። «ደም ብዛት» የምንለው ግን የደም ግፊት ነው፤ ደሙ በዛ ማለት ሳይሆን ደሙ በሚያልፍበት ቧንቧ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከልክ አለፈ ማለት ነው። «ደም ማነስ» ደግሞ ስለ ጫናው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ደሙ ውስጥ ስላለው ነገር ነው። ቧንቧው ውሃውን በኃይል ሊገፋ ይችላል፤ ውሃው ጥሩ መሆን አለመሆኑ ሌላ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት ይችላል። እንዲያውም አንዱ ሌላውን የሚያመጣበት መንገድ አለ። ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ኩላሊትን ይጎዳል። ኩላሊት ደግሞ ደም አጣርቶ ሽንት ማውጣት ብቻ አይደለም ሥራው፤ የአጥንት መቅኔን «ደም ሥራ» ብሎ የሚያዝ ሆርሞን የሚያመነጨው እሱ ነው። ኩላሊቱ ሲደክም ትዕዛዙ ይቀራል፣ ደም ማነስ ይከተላል።

ሦስተኛም አለ፤ የግፊት መውረድ። ላብ በበዛበት የድሬ ቀን በቂ ውሃ ያልጠጣ ሰው ድንገት ሲነሳ ዓይኑ ቢጨልም፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ይኼኛው ነው። ሦስቱን የሚለያቸው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም። ግፊት በክንድ ላይ በሚጠመጠመው መሣሪያ ይለካል፤ ደም ማነስ የሚታወቀው ግን ደም ተቀድቶ ሲመረመር ነው።

ታዲያ ያነሰው ምንድን ነው?

አንድ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ አምስት ሊትር ገደማ ደም አለው። ደም ማነስ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው አምስት ሊትር አልጎደለበትም። የጎደለው ጫኙ ነው።

ድሬዳዋን ባጃጅ እንደማያጣት ሁሉ ደምም ቀይ የደም ሴሎችን አያጣም፤ ብዛታቸው በትሪሊዮን ይቆጠራል። ሥራቸው ከሳንባ ኦክስጅን ጭነው በየሰፈሩ፣ ማለትም በየአካሉ፣ ማራገፍ ነው። ኦክስጅኑ የሚቀመጥበት ወንበር ሄሞግሎቢን ይባላል። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ትጭናለች፤ አንድ ሄሞግሎቢን አራት የኦክስጅን ቦታ አለው፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይም አንድ ቅንጣት ብረት ተቀምጧል። ኦክስጅኑን ጨብጦ የሚይዘው ያ ብረት ነው። አንዲት ቀይ ሴል ብቻ ወደ 270 ሚሊዮን ሄሞግሎቢን ትይዛለች።

ደም ማነስ ማለት እንግዲህ ባጃጆቹ ቁጥራቸው ቀንሷል፣ ወይም ቁጥራቸው ሞልቶ ወንበራቸው ጎድሏል፣ ወይም ሁለቱም ማለት ነው። መንገዱ ግን እንዳለ አለ።

ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው «አነሰ» የሚባለው?

የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ስንት ግራም እንደሆነ ይጻፋል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለአዋቂ ወንድ 13፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት 12 ነው፤ ለነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ ወራት 11። ከዚያ በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል።

ለእኛ አካባቢ ሰው ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የደንገጎን ዳገት የወጣ ጆሮው ሲደፈን ከፍታው ምን ያህል እንደተለወጠ ያውቀዋል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ለማካካስ ሄሞግሎቢን ጨምሮ ይሠራል። መለኪያው የወጣው ግን በባሕር ወለል ደረጃ ለሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ የደጋ ሰው «12 ነው፣ ደህና ነኝ» ብሎ መደምደም የለበትም፤ ከፍታው ሲቀነስለት ቁጥሩ ከመለኪያው በታች ሊወርድ ይችላል። ወረቀቱን ለሚያነብልዎ ባለሙያ ይህን ማስታወስ ነውር የለውም።

በአገር ደረጃ ችግሩ ትንሽ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። በድሬዳዋና በሐረሪ የሕፃናቱ ቁጥር ከአገር አቀፉም በላይ ነበር።

ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

ባጃጅ ሲያንስ ያሉት ምልልስ ያበዛሉ። ልብም የሚያደርገው ይኼንኑ ነው፤ ያሉትን ጥቂት ጫኞች ቶሎ ቶሎ ለማዞር ይፈጥናል። ደረጃ ሲወጡ ልብ ድው ድው ማለቱ፣ ከዚህ በፊት ሳያርፉ የሚወጡት የጀጎል አቀበት ሁለት ጊዜ ማስቆሙ፣ ሌሊት ጆሮ ውስጥ የራስን የልብ ምት መስማት፣ ሁሉም ከዚህ ይመነጫል። ደም ማነሱ ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ልብ በሥራ ብዛት ይደክማል፤ እግር ያብጣል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል። አስቀድሞ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ወደዚህ የሚደርሰው በቶሎ ነው።

ሰውነት ሁሉን አካል እኩል አያይም። ኦክስጅን ሲጎድል ለአንጎልና ለልብ ያደላል፣ ቆዳን ይነፍጋል። መንጣቱና የእጅና የእግር ቅዝቃዜው ከዚያ ነው። ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ላይ መንጣት ፊት አይቶ አይታወቅም፤ ሐኪም የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጎ የሚያየው፣ ምላስንና መዳፍን የሚመለከተው ለዚህ ነው። ቀላሉን ደም ማነስ ግን የማንም ዓይን አይይዘውም።

የሚያሳስተው ነገር ሰውነት መልመዱ ነው። ደሟ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የወረደ ሴት ሄሞግሎቢኗ 7 ሆኖ ቀፊራ ገበያ ወጥታ ሸምታ ትመለሳለች፤ «ትንሽ ደክሞኛል» ትላለች እንጂ ታምሜያለሁ አትልም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ግን ቁጥሩ ከእሷ ገና ሳይወርድ ይወድቃል። ስለዚህ «ቆሜ እሄዳለሁ» ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም።

በተለይ ብረት ሲጎድል የሚመጡ ምልክቶችም አሉ። የጥፍር መሰባበር፣ አንዳንዴም እንደ ማንኪያ መጎድጎድ፤ የከንፈር ማዕዘን መሰንጠቅ፤ የምላስ መላላጥ፤ የፀጉር መርገፍ። ከሁሉ የሚገርመው ምግብ ያልሆነ ነገር ማማሩ ነው፤ አፈር፣ የግድግዳ ጭቃ፣ ከሰል፣ በረዶ። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ «አምሮት ነው» ተብሎ ይታለፋል። አምሮቱ አንዳንድ ጊዜ ብረት እንደጎደላት የሚናገር ምልክት ነው።

ሕፃን ላይ ሲሆን ጉዳቱ ከድካም ያልፋል። አንጎል ሲገነባ ብረት ይፈልጋልና፣ በመጀመሪያ ሁለት ዓመቱ ብረት የጎደለው ልጅ ትኩረቱና የመማር አቅሙ ይጎዳል፤ አንዳንዱ ጉዳት ብረቱ ከተተካ በኋላም አይመለስም። በጊዜው የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ይዞት የመጣው ክምችት ስድስት ወር ያህል ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ቀጭን አጥሚትና የላም ወተት ብቻ የሚሰጠው ልጅ ሆዱ ይሞላል፣ ብረቱ አይሞላም።

በእርግዝና ጊዜ ደግሞ የእናት የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ፈሳሹ ግን ከሴሎቹ ቀድሞ ስለሚጨምር ደሙ ይቀጥናል። ይህ ጥቂቱ የተፈጥሮ ነው። ችግሩ ለጽንሱ፣ ለእንግዴ ልጁና ለተጨማሪው ደም በጠቅላላው አንድ ግራም ገደማ ተጨማሪ ብረት ማስፈለጉ ላይ ነው፤ ብዙ እናቶች ይህን ያህል መጠባበቂያ ይዘው አይጀምሩም። ሕፃኑ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት ደግሞ ሌላዋ የምትቋቋመውን እሷ አትቋቋመውም።

ብረቱ ወዴት ይሄዳል?

ሮቶ ያለው ቤት ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የመስመር ውሃ ከጠፋ ቀናት አልፈው ቧንቧው አሁንም ይወርዳል፤ ምክንያቱም ከሮቶው እየወረደ ነው። ማንም አያስተውልም። ሮቶው ባዶ የሆነ ዕለት ነው «ውሃ ጠፋ» የሚባለው።

የሰውነት ሮቶ ጉበትና መቅኔ ውስጥ ያለ ክምችት ነው፤ በላቦራቶሪ ፌሪቲን በሚባል ምርመራ ይገመታል። ሄሞግሎቢን የሚወርደው ይህ ክምችት ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢኗ ገና ደህና የሆነ፣ ሮቶዋ ግን ባዶ የሆነ ሴት አለች፤ ትደክማለች፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ «ምርመራው ምንም የለም» ተብላ ትመለሳለች።

በአዋቂ ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ አንድ ትንሽ ምስማር ቢመዘን ያን ያህል ነው። ሰውነት ይህን ብረት እንደ ወርቅ ይቆጥበዋል። ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ኖራ ስትሞት ብረቷ ተለቅሞ ለአዲሷ ይውላል። አንጀት ከምግብ በየቀኑ ወደ ደም ማስገባት ያለበት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህን ቁጠባ የሚያፈርሰው ደም መፍሰስ ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይዞ ይወጣል። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት፣ በተከታታይ የወለደች እናት፣ በባዶ እግር ሲሄድ የመንጠቆ ትል የገባበት ልጅ፣ የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው፣ ኪንታሮቱን አፍሮ የደበቀ አባወራ፣ ሁሉም ሮቷቸው ይፈሳል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ብረት ያነሰው ወንድ ከሆነ፣ ወይም የወር አበባዋ ያቆመ ሴት ከሆነች፣ ክኒን ገዝቶ መዋጥ መፍትሔ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ብረት ዝም ብሎ አይጎድልም፤ ከሆድ ዕቃ ውስጥ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ ምንጩ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ክኒኑ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ምንጩን ይሸፍነዋል።

እንጀራችን ብረት አለው ይባል የለ?

አለው፤ ነገር ግን መኖሩና ሰውነት መውሰዱ ለየቅል ናቸው። ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ አንጀት የአፈርን ብረት እምብዛም አይወስደውም። የእህሉ የራሱ ብረትም በገለባው ውስጥ ባለ ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል። በእኛ አካባቢ የሚበዛው የማሽላ እንጀራም እንዲሁ ነው። እናቶቻችን ሊጡን ቀናት ማስቦካታቸው ግን ለጣዕም ብቻ አልጠቀመም፤ እርሾው ያንን እስር በከፊል ይፈታል። ሳይቦካ የሚጋገረው ቂጣ ይህ የለውም።

የሥጋ ብረት፣ የበሬም ይሁን የፍየል ወይም የግመል፣ በቀላሉ ይወሰዳል። የእህልና የጥራጥሬ ብረት አጃቢ ይፈልጋል። አጃቢው ቫይታሚን ሲ ነው፤ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ጥሬ ቃሪያ። ጠዋት ፉል ላይ ሎሚ የሚጨምቅ ሰው ሳያውቀው ትክክል ሠርቷል። ከፉሉ ጋር የሚያማስለው ሻይ ግን ሎሚው የከፈተውን በር መልሶ ይዘጋዋል። ሻይና ቡና ውስጥ ያሉ ታኒንና መሰል ነገሮች ከብረት ጋር ተጣብቀው አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋሉ፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የሚወሰደውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል።

ሐረርን ቡና አትጠጪ ማለት አይቻልም፤ ከቡናው ሌላ ከቅጠሉ ቁጢ፣ ከገለባው ወይም ከቅጠሉ በወተት ሆጃ የምታፈላ አገር ናት። አስፈላጊም አይደለም። ጥያቄው የሰዓት ነው። ስኒው ከምግቡ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ከላይ ሙግት ላይ የነበሩት ሴቶች ምሳ በልተው ወዲያው ነበር የተሰበሰቡት።

ስለ ጫትም የሚጠየቅ አለ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የራሱ ታኒን አለው፣ ብዙ ጊዜም ከሻይ ጋር ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ገጠር በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ የተሠራ ጥናት ጫት በሚቅሙትና ምግብ በሚቀንሱት ላይ ደም ማነስ በዝቶ አግኝቷል። ምግብ መቀነሱ ራሱ ከየት መጣ ቢባል፣ «ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይከብዳል» የሚል ስጋት አለ። ያ ስጋት የእናቲቱን ክምችት ነው የሚበላው።

ቀይ ሥርስ? ቀይ የሚያደርገው ቀለም ከብረት ጋር ዝምድና የለውም። ደህና አትክልት ነው፣ ፎሌት የሚባል ቫይታሚንም አለው፤ ብረቱ ግን ጥቂት ነው። በውሃ የሚበጠበጠው ቀይ ሽሮፕማ ስኳር ነው።

ወባ ከዚህ ምን አገናኘው?

ድሬዳዋ ላይ ይህን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የወባ ተሕዋሲ የሚኖረው ቀይ ሴል ውስጥ ነው፤ ሲባዛ አፈንድቷት ይወጣል። ጣፊያም ደህናዎቹን ጭምር እየጠረጠረ ይለቅማል፤ መቅኔም ሥራው ይቀዘቅዛል። አንድ ሕፃን በቀናት ውስጥ ደም እስከሚሰጠው ድረስ ሊደርስ ይችላል።

ወባ ድሮ የክረምት ማግሥት በሽታ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ግን ረግረግ አትጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በሮቶ ውሃ፣ በግንባታ ጉድጓድ ትራባለች። በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ በበጋው ወራት የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ክዳኑ ያልገጠመ ሮቶ የደም ማነስ ምንጭ ሊሆን ይችላል ሲባል ማጋነን የማይሆነው ለዚህ ነው።

በወባ ጊዜ ሴሎቹ የሚፈነዱት እዚያው ሰውነት ውስጥ ስለሆነ ብረቱ ከሰውነት አይወጣም። መጀመሪያ የሚታከመው ወባው ነው። ለአንዱ የወባ ዓይነት የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ደግሞ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ ያነሳቸውን ሰዎች ቀይ ሴል ሊያፈነዳ ይችላል። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጡ ወደ ሰጠዎት ጤና ተቋም መመለስ ነው።

ብረት ያልሆነ ደም ማነስም አለ?

አለ። ቫይታሚን ቢ12 ወይም ፎሌት ሲጎድል ሴሎቹ ይተልቃሉ፣ ቁጥራቸው ግን ያንሳል፤ የቢ12 ጉድለት እግርን ማደንዘዝና መርሳትም ያመጣል። ሥር የሰደደ በሽታ፣ የኩላሊት ድካም፣ በዘር የሚመጡ የሄሞግሎቢን ችግሮች አሉ። ሲቢሲ የሚባለው ሙሉ የደም ምርመራ ሴሎቹ ትናንሽ ናቸው ወይስ ትላልቅ የሚለውን ስለሚያሳይ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ይጠቁማል።

ክኒኑ እንዴት ይወሰዳል?

ብረት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ሲዋጥ በደንብ ይሠራል። ከሻይ፣ ከቡና፣ ከወተትና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይሆንም። ሆድ ካስቸገረ ከትንሽ ምግብ ጋር መውሰድ ከነጭራሹ ከመተው ይሻላል። ዛሬ ብረት የዋጠ ሰው ሰውነቱ ለጥቂት ጊዜ በሩን ስለሚያጠብ፣ አንዳንድ ሐኪሞች በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለሉ እንዲወሰድ ያዛሉ፤ የሆድ ሁከቱም ይቀንሳል። ለነፍሰ ጡር ግን በጤና ተቋሙ የተሰጣት ክኒን የየዕለት ነው፤ በራሷ አትዝለል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማቆሙ ላይ ነው። በሁለት በሦስት ሳምንት ጉልበት ይመለሳል፤ «ዳንኩ» ተብሎ ክኒኑ ይቀራል። የዳነው ቧንቧው ነው፤ ሮቶው ገና ባዶ ነው። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ ሦስት ወር ያህል መቀጠል የሚታዘዘው እሱን ለመሙላት ነው። የተረፈውን ክኒን ሕፃን እንዳያገኘው፤ ከረሜላ መስሎት ጥቂት ፍሬ ቢውጥ እንኳ ሊመረዝ፣ ሊሞትም ይችላል።

ክኒኑን የጀመረ ሰው ሰገራው ይጠቁራል። ይህ የብረቱ ቀለም ስለሆነ አያስደነግጥ። ክኒኑን ሳይጀምር ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ሰው ግን ፋርማሲ ሳይሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፤ ያ ቀለም ከላይኛው የሆድ ዕቃ የሚፈስ ደም ሊሆን ይችላል።